ስለ የካቲት 12 የሰሙትን ከማመንዎ በፊት፦ ማወቅ ያለብዎ

ጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ አስፋልት ዳር ከተዘረጉት መጻሕፍት ስለ ጣሊያን ወረራ የሚያወራ አንድ ገዙ እንበል። ወይም ቡና ተፈልቶ በየካቲት 12 ጣሊያኖች አዲስ አበባ ላይ የጨፈጨፏቸው ሰዎች ቁጥር ቤተሰቡን አከራከረ። አንዱ 30 ሺህ ይላል፣ ሌላው 19 ሺህ፣ ሌላው ከዚያም እጅግ ዝቅ ያደርገዋል። ወደ አንዱ ከማዘንበልዎ በፊት እስኪ ይህን ይጠይቁ።

ቁጥሩ ለምን ተዘጋጀ? 30 ሺህ የሚለው ኢትዮጵያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት ካቀረበችው የጉዳት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ዝርዝሩ የወረራውን ሟቾች በጠቅላላ 760,300 ያደርሳል። ካሳ የሚጠየቅበት ወረቀት ነበር፤ በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወስኗል። ከሳሽ ጻፈው ማለት ዋሸ ማለት አይደለም፤ ግን ከሳሽ መሆኑን ልብ ይበሉ። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ከረጅም ጥናት በኋላ የደረሰበት ግምት ወደ 19 ሺህ ነው። «ቀነሰብን» ብሎ መቆጣት ለክርክሩ ማስረጃ አይሆንም።

ማን ሳይቆጠር ቀረ? እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ጥያቄ ነው። የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ከየካቲት 12 በኋላ በደብረ ሊባኖስ ገዳም የተፈጸመውን ግድያ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ለሮም በቴሌግራም ሲያስታውቅ መነኮሳቱ፣ ዲያቆናቱና ተባባሪ የተባሉት ተደምረው 449 ነበሩ። አለቃውን ደስ ለማሰኘት የጻፈው ስለሆነ የሚያምኑት ይመስላል። ነገር ግን ወቅቱ ግንቦት 12 የሚከበረው የተክለ ሃይማኖት በዓል ነበር፤ ገዳሙ ከሩቅም ከቅርብም በመጣ ምዕመን ተሞልቶ ነበር። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የአካባቢውን ሰዎች ጠይቀው፣ ቦታውን ረግጠው፣ ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም 2,000 ገደማ ሰው ተገድሏል ብለዋል። ቴሌግራሙ ስለ ገዳሙ ሰዎች ይናገራል፤ ለመሳለም ስለመጣው ገበሬ ግን ዝም ይላል።

«እዚያው ነበርኩ» የሚለውስ? ታዋቂው የጣሊያን ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወረራው በመኮንንነት ዘምቷል። የመርዝ ጋዝ አልተጣለም እያለ የታሪክ ጸሐፊውን አንጀሎ ዴል ቦካን ለብዙ ዓመታት ሞግቷል። በ1996 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ጋዙ መጣሉን በይፋ ሲያምኑ ሞንታኔሊም ተረታ። የግድ ዋሽቷል አልልም፤ ጋዙ በአብዛኛው ከአውሮፕላን በወገን ጦር ላይ ሲርከፈከፍ እሱ የቆመው በሌላው ወገን ነው።

ለሰፈርዎ ሽማግሌም ያው ነው። ጉርድ ሾላ ያኔ ከከተማው ውጪ፣ ገጠር ነበር። አባታቸው ከዚህ ሆነው የሚነደውን ከተማ ጭስ አይተዋል ቢሉዎ ይቻላል፤ ስድስት ኪሎ የወደቀውን ሬሳ ቆጥረዋል ቢሉዎ ግን «አባትዎ ያኔ የት ነበሩ?» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ። አይቀየሙዎትም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ከቁጥሩ የሚበልጥ ነገር ያጫውቱዎታል።

ቀኑንም አይርሱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው። «የካቲት 12 ቀን 1937» የሚል ገጽ ካጋጠመዎ ጸሐፊው ቀኑን ከእኛ፣ ዓመቱን ከፈረንጅ ወስዷል፤ የሟቾቹን ቁጥር ከየት እንዳመጣውም ይፈትሹ።