ሙታንን ማሰብ የማን ተግባር ነው?



በአገራችን አንድ ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤቱ እንጀራና ንፍሮ ይዞ ይመጣል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ ግን የሟቹ ነገር ለቤተ ሰቡ ብቻ ይቀራል። አርባውንና ሙት ዓመቱን አቅም ያለው ያወጣል፤ የሌለው ወይ ተበድሮ ይደግሳል፣ ወይም በኀፍረት ዝም ይላል። ተዝካር ማውጣት ስላልቻሉ ሟቻቸውን የረሱ መስሏቸው የሚያለቅሱ፣ ከቤተ ክርስቲያንም እግራቸውን ያሳጠሩ እናቶችን እኛ ካህናት እናውቃለን።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። በ2ኛ መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፣ የአይሁድ ጦር መሪ ይሁዳ የወደቁትን ወታደሮች ሊቀብር በመጣ ጊዜ በልብሳቸው ሥር የጣዖት ምልክት ተገኘ። እርሱም አልተዋቸውም፤ ከእያንዳንዱ ወታደር ገንዘብ አሰባስቦ ስለ ኀጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። እንግዲህ ሦስት ነገር እናስተውል፤ ያዋጡት የሟቾቹ ዘመዶች ብቻ ሳይሆኑ ጓዶቻቸው በሙሉ ናቸው፤ የታሰቡት ነውር የሌለባቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ገንዘቡም የዋለው ለድግስ ሳይሆን ለመሥዋዕት ነው።

ቅድስት ሞኒካም እ.ኤ.አ. በ387 ዓ.ም. ከትውልድ አገሯ ከሰሜን አፍሪካ ርቃ፣ በሮም አቅራቢያ በምትገኘው በኦስትያ ባረፈች ጊዜ ስለ መቃብሯ ቦታ አልተጨነቀችም። ልጇ ቅዱስ አውግስጢኖስ እንደ ተረከው፣ የለመነችው በመሠዊያው ፊት እንድትታሰብ ብቻ ነበር። ልጆቻቸው በዐረብ አገር ወይም በባሕር ላይ ሞተውባቸው የሚያለቅሱበት መቃብር ላጡ ወላጆች ይህ ታላቅ መጽናኛ ነው፤ መቃብሩ ቢርቅም መሠዊያው ቅርብ ነውና።

ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው በክርስቶስ ያንቀላፉትን ሁሉ ታስባለች። እ.ኤ.አ. በ998 ዓ.ም. የክሉኒ ገዳም አበምኔት ቅዱስ ኦዲሎ በሥሩ ባሉ ገዳማት ሙታን ሁሉ ኖቬምበር 2 ቀን በአንድነት እንዲታሰቡ ሠራ፤ ልማዱም በላቲን ሥርዐት ቤተ ክርስቲያን ተስፋፋ። በዚህ ቀን አስታዋሽ ዘመድ ያለውም የሌለውም እኩል ይታሰባል።

ተዝካርን አንነቅፍም፤ ድኻን ማብላት የፍቅር ሥራ ነውና። ነገር ግን ለሟች ነፍስ የሚጠቅመው ጸሎት፣ ምጽዋትና ከሁሉ በላይ መሥዋዕተ ቅዳሴ እንጂ በዕዳ የተጣለ ድንኳን አይደለም። ስለዚህ በየቁምስናችን በዓመት አንድ ቀን እንወስን፤ ቤተ ሰቦች የሟቾቻቸውን ስም ያስመዝግቡ፤ ወገን የሌላቸውን ከሙታን መዝገብ እኛ ፈልገን እንጨምር። ስማቸው በአንድ ቅዳሴ ይነበብ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ከቤቱ የቻለውን አምጥቶ ከድኾች ጋር በአንድ ማዕድ እንቀመጥ። ያን ጊዜ ማንም እናት ሟቿን የረሳች አይመስላትም፤ መላው ማኅበር አብሯት አስቧልና።

ለውይይት፦ በቁምስናችን ባለፈው ዓመት ከሞቱት መካከል ስሙን የሚጠራለት ያጣ ማን ነው?