ለአሮጌ የመስክ መኪና የአስፋልት ጎማ አመራረጥ

ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

በንግድ ዓለም አንድ ዕቃ ርካሽ ነው የሚባለው ሲገዛ በሚከፈለው ገንዘብ ብቻ ተመዝኖ አይደለም፤ እስኪያልቅ ድረስ በሚሰጠው አገልግሎት ጭምር እንጂ። ይህ እውነት በመኪና ጎማ ላይ እንደሚታየው በግልጥ የሚታይበት ዕቃ ጥቂት ነው። ጎማ ገዢው ውስጡን ሊመረምረው የማይችል፣ ሲበላሽ ግን ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም ሊያጠፋ የሚችል ዕቃ ነው። ስለዚህ የሚሸጠውም የሚገዛውም ሰው ስለ ጠባዩ በቂ ዕውቀት ሊኖረው ይገባል።

በኢትዮጵያ መንገዶች ከሚመላለሱት መኪናዎች መካከል አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያገለገሉ የመስክ መኪናዎች ጥቂቶች አይደሉም። ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ቪታራና ራቭ ፎር በየከተማው የሚታወቁ ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለን መኪና ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ ያስፈልጋል። ቡና ለመግዛት ሠራተኞቹን ወደ ጅማና ወደ ሲዳማ የሚልከው ላኪም፣ ለጉዳዩ ወደ አዳማ የሚወርደው አስመጪም በዚሁ ዐይነት መኪና ይጠቀማል። የመኪናው ማርጀት ግን ጎማውን እንደ ነገሩ ለመግዛት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ እንዲያውም እግሩና መሪው የላላ መኪና ከአዲሱ ይልቅ የደህና ጎማ እርዳታ ይሻል።

ከአሜሪካ የተገኘ ትምህርት

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት በአሜሪካ የደረሰውን ማስታወስ ይጠቅማል። በነሐሴ ወር 2000 እ.ኤ.አ. ፋየርስቶን የተባለው ጎማ ሠሪ ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች እንዲመለሱና እንዲለወጡ ማስታወቂያ አወጣ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በሚባለው የመስክ መኪና ላይ የተገጠሙ ባለ 15 ኢንች ጎማዎች ነበሩ። ጉድለቱም መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ጥርሱ ያለበት የጎማው ሽፋን ከሥሩ ካለው የሽቦ መቀነት መላቀቁ ነበር። የመስክ መኪና ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ጎማው በድንገት ሲላቀቅ ለመገልበጥ የተጋለጠ ነው። በአገሩ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መዝገብ ከዚህ ጋር በተያያዙ አደጋዎች 271 ሰዎች ሞተዋል።

ጎማ ሠሪውና መኪና ሠሪው ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ጣሉ። ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ የነፋሱ መጠን ነበር፤ መኪና ሠሪው 26 ፒ.ኤስ.አይ. እንዲሞላ ሲመክር፣ ጎማ ሠሪው 30 መሆን ይገባው ነበር አለ። አደጋው በይበልጥ የታየው ሙቀት በበዛባቸው እንደ ቴክሳስና አሪዞና ባሉ ግዛቶች ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በአሜሪካ አዲስ ሕግ ወጣ፤ የጎማ ነፋስ ሲጎድል ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ እንዲገጠም የተደረገውም ከዚሁ ሕግ የተነሣ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለነጋዴው ሁለት ትምህርት ይቀራል። አንደኛው፣ ጎማን የሚገድሉት ሙቀት፣ ጭነት፣ ፍጥነትና የነፋስ ማነስ አንድ ላይ ሲገናኙ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የታወቀ ስም ብቻውን ዋስትና አለመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ደጋ ተነሥቶ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ ሰውና ዕቃ ጭኖ የሚወርድ አሮጌ መኪና እነዚህን አራት ነገሮች በአንድ ቀን ጉዞ ሊያገኛቸው ይችላል።

በጎማው ጎን የተጻፈው

ጎማ ስለ ራሱ የሚናገረውን በጎኑ ላይ ጽፎ ይዞ ይመጣል። በብዙ የፕራዶ መኪናዎች ላይ የሚገኘውን 265/70 አር 16 የሚለውን ልክ ለምሳሌ ብንወስድ፣ 265 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ 70 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ አር የራዲያል አሠራር ምልክት ነው፤ 16 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ስፋት በኢንች ነው።

ከዚህ ቀጥሎ 112 ኤስ የሚል ይገኛል። 112 አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ሊሸከም እንደሚችል፣ ኤስ ደግሞ እስከ 180 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተፈቀደለት መሆኑን ያስረዳል። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ዋጋው ስለሚቀንስላቸው በ265 ፈንታ 245/70 አር 16 ይገዛሉ። ጎማው በቸርኬው ላይ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን የዚህ ልክ ጎማ ብዙውን ጊዜ 107 የሚል ቁጥር ያለበት ሲሆን የሚሸከመው 975 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ልዩነቱ በአንዱ ጎማ 145፣ በአራቱ 580 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከዚህም በላይ የጎማው ዙር ከ3 በመቶ በላይ ስለሚያንስ የፍጥነትና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ትክክለኛውን አያሳይም። ስለዚህ ማንኛውም ገዢ በሾፌሩ በር መዝጊያ አጠገብ በተለጠፈው ሠሌዳ ላይ ያለውን ልክና የነፋስ መጠን አስቀድሞ ማንበብ አለበት፤ የጭነት ቁጥሩም ከዚያ ማነስ የለበትም።

ዕድሜውን የሚናገረው ደግሞ ዶት ከሚለው ምልክት በኋላ በመጨረሻ የሚገኘው ባለ አራት አኀዝ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኀዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ነጋዴ የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነውና። 2316 የሚል ጎማ በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት፣ ማለት በ2008 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ የተሠራ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቁጥሩን በ2016 ዓ.ም. ተረድቶት ስምንት ዓመት ያህል የቆየውን ጎማ እንደ አዲስ ሊገዛው ወይም ሊሸጠው ይችላል። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ብዙ መኪና ሠሪዎች ጎማ ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ጎማ ሠሪዎችም ቢሆኑ ጥርሱ ባያልቅም ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳ ያስጠነቅቃሉ።

ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ጎማዎች ላይ ሦስት ተጨማሪ ምልክቶች ይገኛሉ። ትሬድዌር የሚለው ቁጥር የጥርሱን ዕድሜ ያነጻጽራል፤ 400 የተባለው በፈተናው ከ200 ሁለት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ፣ የአንዱን ፋብሪካ ጎማዎች እርስ በርስ ለማነጻጸር እንጂ የተለያዩ ፋብሪካዎችን ለማወዳደር እምብዛም አያስተማምንም። ትራክሽን የሚለው በእርጥብ መንገድ ላይ የመቆም ችሎታውን፣ ቴምፕሬቸር የሚለው ሙቀት የመቋቋም ኃይሉን በፊደል ያሳያል። ለቆላ ጉዞ በሙቀት በኩል ሲ ከተባለው ይልቅ ኤ ወይም ቢ የተባለው ይመረጣል።

የጥርሱ ዐይነት

የመስክ መኪና ጎማ በጥርሱ አኳኋን በሦስት ይከፈላል። ኤችቲ የሚባለው ለአስፋልት፣ ኤቲ የሚባለው ለአስፋልትና ለጠጠር መንገድ፣ ኤምቲ የሚባለው ለጭቃ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው መኪናው የመስክ መኪና ስለሆነ ብቻ ሻካራ ጥርስ ያለውን ይመርጣል፤ መልኩም ያስደስተዋል። ነገር ግን ሻካራ ጥርስ በአስፋልት ላይ ድምፅ ያበዛል፤ ነዳጅ ይጨምራል፤ በዝናብ ጊዜም ፍሬን ሲያዝ ብዙውን ጊዜ የአስፋልቱን ጎማ ያህል ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ መኪናው ከአሥር ቀን ዘጠኙን በከተማና በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የሚውል ከሆነ ኤችቲ በርካሽ ዋጋ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ድንጋያማ መንገድ ለሚገባ መኪና ግን ጎኑና ጥርሱ ጠንከር ያለው ኤቲ ይስማማዋል፤ በዚህ ጊዜ የአስፋልት ጎማ መግዛት ቁጠባ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ዋጋን በኪሎ ሜትር መቁጠር

ትክክለኛው ሒሳብ የጎማውን ዋጋ ለሚሄደው ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንዱ ጎማ 10,000 ብር ተገዝቶ 25,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ሌላው 14,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 28 ሳንቲም ያስከፍላል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ነጋዴ እንግዲህ ውዱ ጎማ ርካሹ ነው።

ነገር ግን ይኸው ሒሳብ ሊገለበጥ ይችላል። አሮጌ መኪናውን በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው በስድስት ዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ቢተርፍም ላስቲኩ አርጅቷል። ስለዚህ የ14,000 ብሩ ጎማ ለእርሱ በኪሎ ሜትር 47 ሳንቲም ያህል ሲያስወጣው፣ የ10,000 ብሩ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ አገልግሎቱን ጨርሶ በ40 ሳንቲም ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ለሁሉ የሚስማማ አንድ ርካሽ ጎማ የለም። ባለሱቁ ዋጋ ከመናገሩ በፊት መኪናው በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ መጠየቅ አለበት። ቅናሽ ሊደረግበት የማይገባው ግን የጭነት ቁጥሩ፣ የሙቀት መቋቋሙና የተሠራበት ዘመን ነው።

ያለቀው ጎማ የሚናገረው

አዲስ ጎማ ከመግጠም በፊት አሮጌውን መመርመር ይገባል። መሐሉ ብቻ ያለቀ ጎማ ነፋስ ሲበዛበት የኖረ ነው፤ ሁለቱ ዳር ያለቀበት ነፋስ ያነሰው ነው፤ አንዱ ዳር ብቻ ያለቀበት አሰላለፉ የተዛባ መኪና ጎማ ነው፤ ቦታ ቦታ የተቦረቦረ ከሆነ ደግሞ ንዝረት የሚያበርደው የመኪናው እግር ደክሟል። እነዚህ ሳይጠገኑ የተገጠመ ጎማ የቱንም ያህል ቢወደድ በጥቂት ወራት ያልቃል። ጥርሱ ወደ 1.6 ሚሊሜትር ሲወርድ የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ለክረምት ዝናብ ግን ከዚያ በፊት መለወጥ ብልኅነት ነው።

ምንጊዜም በአራቱ እግሩ የሚነዳ መኪና ዙራቸው የተለያየ ጎማዎች ሲገጠሙበት ዲፈረንሻሉ ይጎዳል፤ ስለዚህ አራቱንም በአንድነት መለወጥ ይሻላል። በሌላው መኪና ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው አዲሶቹን በኋላ እንዲያስገጥም ይመከራል፤ የኋላው እግር በእርጥብ መንገድ ሲንሸራተት መሪ ሊያስተካክለው አይችልምና። ነፋስም የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ ነው። ከጉዞ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢታይ ከሙቀት የመጣ ስለሆነ ማስተንፈስ አደገኛ ነው።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

አስመጪው ከውጭ ሲያዝ ልኩን ብቻ ሳይሆን የጭነት ቁጥሩንና ጎማው ሲጫን ከተሠራ ከስንት ወር በላይ መሆን እንደሌለበት በፕሮፎርማውና በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ በግልጥ ማስጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈ በሌላ አገር መጋዘን የቆየ ዕቃ ሲመጣለት የሚከራከርበት ማስረጃ አይኖረውም። ባለሱቁም ጎማን ፀሐይ በማያገኘው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነ ስፍራ፣ ከዘይትና ከነዳጅ አርቆ ማስቀመጥ፣ ቀድሞ የተሠራውንም ቀድሞ መሸጥ ይኖርበታል። ለማስታወቂያ ተብሎ በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የሚደረደር ጎማ በየቀኑ ከዋጋው ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን ለገዢው አይታይም።

ባለሱቁ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት፣ የጭነት ቁጥሩንም በደረሰኙ ላይ ጽፎ ቢሰጥ ወጪው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ጎማው ያለ ጊዜው ቢበላሽ ክርክሩን ያሳጥርለታል፤ ደንበኛውም ቤተሰቡን ጭኖ የዓባይን በረሃ ሲወርድ የተሳፈረበትን ጎማ ዕድሜና ኃይል ዐውቆ ይወርዳል።