የጣና ባሕር ዳርቻ ውሃ ጤንነት እንዴት እንደሚመረመር

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከግልገል ዓባይ፥ ከርብ፥ ከጉማራ፥ ከመገጭና ከሌሎችም ወንዞች ውሃ ይቀበላል። የተፈጥሮ መውጫው ዓባይ ብቻ ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ግን በዋሻ ወደ በለስ የሚወርድ ውሃ ደግሞ አለ። ይህን ያህል ሰፊ ሲሆን ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ያህል አያልፍም።

ባሕሩን የሚመለከት ሰው ዓይኑን ወደ መካከሉ ይጥላል። ነገር ግን መካከሉ ስለ ባሕሩ ጤንነት የሚናገረው ዘግይቶ ነው። ወንዝ የሚያመጣው አፈር፥ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፥ ከከተማ የሚወርደው እድፍ፥ ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በዳር ባለው ውሃ ነውና። ደንገልና ቄጤማ በበቀለበት ዳርቻ ይህ ሁሉ እንደ ወንፊት ይጣራል፤ የዓሣ ጫጩትም በውስጡ ይሸሸጋል። ደንገሉ ታጭዶ ወይም ታርሶ ባለቀበት ስፍራ ግን ወንፊቱ ተቀድዷል ማለት ነው። ደግሞም በሳይንስ ላቤዮባርበስ ከሚባሉት 17 ዓይነት የጣና ዓሦች 15ቱ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ስለሚወጡ፥ የወንዙ መግቢያ ቢታፈን መንገዳቸው ይዘጋል።

እንቦጭ የሚባለው አረም በጣና የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ግድም፥ በሰሜን ዳርቻ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ሐምራዊና ያማረ ስለ ሆነ ከአገር ወደ አገር ያዞሩት ለጌጥ የፈለጉት ሰዎች ናቸው። ሙቀትና ምግብ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ግድም እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ተማሪዎች ይህን በሒሳብ ይመልከቱት፤ ዛሬ 10 ካሬ ሜትር የሚሸፍን አረም በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆን፥ ከ20 ሳምንት በኋላ 10,240 ካሬ ሜትር፥ ማለት ከአንድ ሄክታር በላይ ይሆናል። ዐሥሩን ካሬ ሜትር ጥቂት ሰዎች በአንድ ጧት ይነቅሉታል። ሄክታሩ ግን የአገሩን ሕዝብ ሁሉ ይጠራል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አረሙን ለመንቀል አንድ ወር የታሰበ ታላቅ ዘመቻ እስከ መታወጅ ደርሷል።

ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ ሰፊውን አረም ያያል። በደንገል መካከል የተሸሸገችውን አንዲት ተክል ግን አያይም፤ በክረምትም ደመና ይጋርደዋል። እርሷን የሚያያት በዳር የሚኖር ሰው ነው።

የውሃውን ጥራት ለመለካት አንድ ሳሕን ይበቃል። አንጀሎ ሴኪ የሚባል ኢጣልያዊ ካህንና የከዋክብት መርማሪ በ1857 ዓ.ም. ነጭ ሳሕን ወደ ባሕር እያወረደ ይህን ዘዴ አሳወቀ። ለሐይቅ የሚሆነው ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቆርቆሮ ነው፤ በአራት ተከፍሎ ሁለቱ ትይዩ ክፍሎች ነጭ፥ ሁለቱ ጥቁር ይቀባሉ። በአዲስ አበባ መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ምድጃ ለሚሠሩት ሰዎች ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በገጠርም መቀስና መዶሻ ያለው ሰው ይሠራዋል። ከሥሩ ድንጋይ ይታሰርበታል፤ ገመዱም በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይቋጠራል። ከታንኳ ላይ ጥላ ባለበት ወገን ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የተሰወረበት ጥልቀት ይጻፋል፤ ሲሳብም እንደ ገና የታየበት ይጻፋል፤ የሁለቱ አማካይ የውሃው ጥራት ልክ ነው። መምህሩ ወይም ዋና የሚያውቅ ትልቅ ሰው ሳይኖር ታንኳ ላይ መውጣት አይገባም።

በክረምት ወንዞች አፈር ስለሚያመጡ ውሃው ይደፈርሳል፤ ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ስለዚህ ሐምሌን ከሐምሌ፥ ጥርን ከጥር ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ከድንጋይ ሥርና ከቄጤማ መካከል የሚገኙት ትንንሽ ፍጥረቶች ይታያሉ። ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው የውሃ ትሎች ከተገኙ መልካም ምልክት ነው፤ እነዚህ እድፍና የኦክሲጅን ማነስ አይችሉምና። ቀያይ ትሎች ብቻ በዝተው ከተገኙ ግን ውሃው ኦክሲጅን እንዳነሰው ያስጠረጥራል። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ዝቃጭ ከታየ አንዳንዱ መርዝ ስላለው ከብት ከዚያ እንዳይጠጣ ለባለቤቶቹ ይነገር። በዳር ባሉት ቀንድ አውጣዎች ምክንያት የቢልሃርዝያ በሽታ ስለሚይዝ፥ ማንም በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ አይቁም፤ መረቡን ረጅም እንጨት ላይ አስሮ ከደረቅ መሬት መሳብ ይሻላል።

መዝገቡ ከመሣሪያው ይልቅ ይከብዳል። ቦታው አንድ፥ ሰዓቱ አንድ፥ አለካኩም አንድ ይሁን። እንቦጭ ያልታየበት ሳምንት ሲሆን ባዶ መተው አይገባም፤ «ተፈልጎ አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል፤ አረሙ መቼ እንደ መጣ በኋላ የሚታወቀው በዚህ ቃል ነውና። የተገኘ እንደ ሆነ ግን ቀኑና ስፍራው ተጽፎ በዚያው ቀን ለቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ይነገራል። የተነቀለውም በውሃው ጠርዝ አይተው፤ በመስከረም ባሕሩ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋልና፥ ማዕበል ከማይደርስበት ደረቅ ስፍራ ተወስዶ ይሰጣ።