የትዕማር ጩኸትና የእኛ ዝምታ
በግቢ ውስጥ የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃትን ስለ መከላከል ለግቢ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት የሚቃወም የ16 ቀናት ንቅናቄ በዓለም ዙሪያ ይካሄዳል። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆችም ነጭ ሪባን ይታሰራል፤ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክም ይዘጋጃል። የግንዛቤው ፍሬ የሚታየው ግን ጥቃት በደረሰ ዕለት በተጎጂዋ ዙሪያ ያሉ ሰዎች በሚያደርጉት ነገር ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማም ጓደኛ፣ ወንድምና ኃላፊ በዚያን ዕለት ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ ከቅዱስ መጽሐፍና ከሀገራችን ሕግ ማሳየት ነው።

ጥቃቱ በግቢ ውስጥ

ጾታዊ ጥቃት አስገድዶ መድፈር ብቻ አይደለም። ያልተፈለገ ንክኪ፣ የብልግና ንግግር፣ ድብደባ፣ ፎቶግራፍ አሰራጫለሁ ብሎ ማስፈራራት፣ የፈተና ውጤትን መደራደሪያ ማድረግ ሁሉ ጥቃት ነው። ከቤተሰቧ ርቃ ወደማታውቀው ከተማ የተመደበች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ምዝገባውንም ሆነ የግቢውን ኑሮ የምትለምደው በሌሎች እርዳታ ነው። ገንዘብ ሲያጥራት ወይም ውጤቷ ዝቅ ሲል ደግሞ ጥገኝነቷ ይጨምራል። አጥቂው ብዙ ጊዜ የምታምነው፣ የረዳት ወይም በእርሷ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ከቅዱስ መጽሐፍ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 13 የምናገኘው የትዕማር ታሪክ ይህንኑ ያስተምረናል። ትዕማር የንጉሥ ልጅ ናት፤ ጥቃቱ የደረሰባትም በገዛ ወንድሟ እጅ፣ የታመመ መስሏት ልትመግበው በሄደችበት ቤት ነው። እምቢ ብላለች፤ ተከራክራለች፤ በኋላም ልብሷን ቀድዳ፣ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ እየጮኸች ሄዳለች። እንግዲህ «ለምን ሄደች? ለምን አልጮኸችም?» የሚለው ጥያቄ ለትዕማር ሊቀርብ አይገባም። መጠየቅ ያለባቸው በዙሪያዋ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው።

ሀ. አምኖን ምኞቱን ፍቅር አስመሰለው፤ ፈቃዱን ከፈጸመ በኋላ ግን ጠልቶ አስወጣት። ሰውን የምኞት መፈጸሚያ ማድረግ ፍቅር አይባልም።

ለ. ኢዮናዳብ በእጁ አልነካትም፤ አምኖን የታመመ እንዲመስል መከረው እንጂ። ዛሬም ክፍሉን ለቆ የሚሰጥ፣ መጠጥ የሚያቀርብ፣ ሰምቶ የሚስቅ ጓደኛ የኢዮናዳብን ሥራ ይሠራል።

ሐ. አቤሴሎም እኅቱን ዝም እንድትል ነገራት። እርሷ በቤቱ ብቸኛ ሆና ተቀመጠች፤ እርሱም ቂሙን ሁለት ዓመት ይዞ አምኖንን አስገደለው። ዝምታው ለትዕማር ፈውስ አላመጣም፤ ለቤተሰቡም ደም አመጣ።

መ. ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቆጣ፤ በአምኖን ላይ ሲፈርድ ግን አናነብም። ኃላፊ የሆነ ሰው ቁጣው ወደ ፍርድ ካልተሸጋገረ ለተበደለችው ምንም አይጠቅማትም።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ተጎጂዋን ቢያገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን መንገድ ይዞ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል። በአንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በደፋሪው ቁጥጥር ሥር ባለች ወይም በእርሱ ጥገኛ በሆነች ሴት ላይ ሲፈጸም ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። በአንቀጽ 625 ደግሞ የሴትን ችግር ወይም በእርሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ለወሲብ የሚጠቀም ሰው ይቀጣል፤ መምህርም በዚህ ውስጥ ይካተታል። በመሆኑም እንዲህ ያለውን ወንጀል «ለስሟ ሲባል» በሽምግልና መሸፈን ወይም በጋብቻ ማስታረቅ ከሕግም ከክርስትናም ጋር አይስማማም።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሳንመረምርና ሳንወቅስ እንስማት። ቀጥሎ ፈቃዷን ጠይቀን ወደ ጤና ተቋም አብረናት እንሂድ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመርም ይበልጥ ይረዳል። ከምርመራው በፊት ባትታጠብ፣ የለበሰችውንም ልብስ ሳታጥብ በወረቀት ከረጢት ብታስቀምጥ ለማስረጃ ይጠቅማል። ለፖሊስና ለተቋሙ የሥርዓተ ጾታ ክፍል ስታመለክት ብቻዋን አንተዋት። ንስሐ አባትም ምሥጢሯን እየጠበቀ፣ በደሉ የእርሷ እንዳልሆነ እየነገረ ያጽናናታል፤ ምክሩ የሕክምናና የፍትሕ መንገዷን የሚዘጋ መሆን የለበትም። የግቢ ጉባኤ አመራሮችም ይህን ሁሉ አዲስ ተማሪዎች በሚቀበሉበት ሳምንት ለወንዶችም ለሴቶችም ሊያስተምሩ ይገባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በግቢያችን የኢዮናዳብን ምክር የሚመስሉ ልማዶች የትኞቹ ናቸው?
2. አንዲት እኅታችን ዛሬ ማታ ጥቃት ቢደርስባት ለማን ትነግራለች? ያ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃልን?
3. አጥቂው የጉባኤያችን አገልጋይ ቢሆን የማኅበራችንን ስም ወይስ እኅታችንን እናስቀድማለን?

ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ስለዚህም ችግሩ ከመድረሱ በፊት ተወያይተን መልሱን በቃለ ጉባኤ ልናጸናው ይገባል። ትዕማር ጮኻ ነበር፤ የሚሰማትና የሚቆምላት ግን አላገኘችም። የእኛ ድርሻ የሚሰማና የሚቆም መሆን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።