የተበዳይ ምስክርነትና የችሎቱ በር

ችሎት ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ሲባል ሁላችንም እንስማማለን፤ ዳኛ በስውር እንዳይፈርድ ሕዝብ ማየት አለበትና። ነገር ግን የተደፈረች ልጅ የደረሰባትን ለመናገር በቆመች ጊዜ፥ በዚያው ክፍት በር የሰፈር ሰው፥ የተከሳሽ ዘመድና ወሬ ፈላጊም ይገባል። ፍርድ ለማግኘት ገመናዋን በአደባባይ መግለጥ ግድ ይሆንባታል፤ ይህን የፈራች ደግሞ ከቶ ሳትከስ ትቀራለች።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ነገሩን አልዘነጋም። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፥ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ክርክሩ በዝግ ችሎት ሊሰማ እንደሚችል ይፈቅዳል።

«ታዲያ ተከሳሹስ?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያው አንቀጽ ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታልና። ሁለቱን ነገር ግን አንደባልቅ፤ በሩን ለተመልካች መዝጋት አንድ ነው፥ ምስክሯን ከጥያቄ መሰወር ሌላ ነው። በሩ ሲዘጋ የተከሳሹ ጠበቃ ከውስጥ ነው፤ መስቀለኛ ጥያቄውንም ያቀርባል። በአዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት በተሰናዳው ችሎት፥ ልጁ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በካሜራ ይመሰክራል፤ ጥያቄውንም አንድ ባለሙያ በሚገባው ቋንቋ ያደርስለታል። ተከሳሹ መልሱን ይሰማል፤ ልጁ ግን የተከሳሹን ፊት አያይም።

እኛ የምንሰጋው ለበሩ ሳይሆን ለኮሪደሩ ነው። ችሎት አስከባሪው ስሟን ከነአባቷ ጮኾ ከጠራ፥ ከውጭ የተቀመጠው ሁሉ ማን እንደ ሆነች ዐወቀ፤ በሩ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።