ትንሹ አቃቂን በእግር

መካኒሳና ላፍቶ የሚባሉት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከዛፍ ነው። በኦሮምኛ የመጀመሪያው ብሳና፣ ሁለተኛው ግራር ማለት ነው። ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ስትወርዱ ሁለቱንም ዛፎች እየፈለጋችሁ ውረዱ።

ወንዙ ከወጨጫ ተራራ ጥግ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚያልፈውን ክፍል ለማየት ከሜክሲኮ ወይም ከሳር ቤት የመካኒሳ ታክሲ ያዙ፤ መውረጃውን የሰፈሩ ሰው ያሳያችኋል። በለቡ በኩል ለሚሄድ ደግሞ የፉሪ ተራራ ከሩቅ ይታየዋል።

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ አደይ አበባ ሳይረግፍ። ክረምቱን ተዉት። መረሬው ጫማ ይነቅላል፤ ከላይ ሲዘንብ ደግሞ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለም ወንዙ ድንገት ይሞላል። በጋው እየገፋ ሲሄድ ውኃው ይጎድላል፣ ሽታውም ይከፋል።

እኔ በጠዋት መሄድን እመርጣለሁ፤ በወንዙ ዳር ያሉት የአትክልት ቦታዎች ያኔ ነው ሥራ ላይ የሚሆኑት። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር በየመደቡ ተሰልፏል። አንዱ ዶማ ይዞ በቦዩ አጠገብ ቆሟል። መደቡ እስኪጠጣ ይጠብቅና የውኃ መግቢያውን ጭቃ ዝቆ ይደፍናል፤ ወዲያው የሚቀጥለውን ይከፍታል። «ያበርታችሁ» ሳትሉ አትለፉ፤ ፎቶ ለማንሳትም አስፈቅዱ። በመደቦቹ መሐል ሳይሆን በዳር በዳሩ ሂዱ።

ውኃውን ግን አትንኩ፤ ልጆችም እንዳይገቡበት። የፋብሪካ ፍሳሽና የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ ይገባበታል። በአቃቂ ውኃ በለሙ አትክልቶች ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች አሳይተዋል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባው ደግሞ በማጠብ አይለቅም። ስለዚህ አትክልቱን ግዙ አልልም። በገበሬው ግን አልፈርድም፤ ውኃውን ያቆሸሸው እሱ አይደለም። የምትጠጡትን ከቤት ያዙ፤ ሳይመሽም ተመለሱ።

ኮልፌና አየር ጤና የምትኖሩ፣ ከደጃችሁ የሚወርደው ቦይ የት እንደሚገባ አንድ ቀን ተከትላችሁ እዩልኝ።