የቲምን ለመዘየር የሚደረግ ጉዞ፡ ኒያው፣ አደቡና አማናው

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



በውጭ አገር ከሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች መካከል በየወሩ ወጪውን የሚሸፍኑለትን የቲም በዓይናቸው ለማየት ወደ አገር ቤት የሚጓዙ አሉ። ከጅዳም ይሁን ከሚኒያፖሊስ፣ ከለንደንም ይሁን ከስቶክሆልም ተነስቶ በወሎ ወይም በጅማ ገጠር የሚኖርን ሕፃን ደጃፍ መርገጥ የሚወደስ ተግባር ነው። ሆኖም በጎ ኒያ ዕውቀት ካልታከለበት ሳይታሰብ ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ተጓዡ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦችን እንመለከታለን።

1. ከፋላ ጉዲፈቻ አይደለም

ኢስላም የቲምን መንከባከብን ያዛል፤ የዘር ሐረጉን መለወጥን ግን ይከለክላል። ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ የዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክልከላው ከመውረዱ በፊት ዘይድን ልጃቸው አድርገው ስለነበር ሰዎች «የሙሐመድ ልጅ» ይሉት ነበር። የሱረቱል አሕዛብ 4ኛና 5ኛ አንቀጾች ሲወርዱ ወደ ወላጅ አባቱ ስም ተመለሰ። ስሙ ተመለሰ እንጂ ፍቅሩ አልቀነሰም፤ ዘይድ እስከ ዕለተ ሞቱ ከነቢዩ እጅግ ተወዳጅ ሰዎች አንዱ ነበር።

በመሆኑም ካፊሉ ሕፃኑን «አባዬ በለኝ» ሊለው አይገባም። በኛ ባህል «አጎቴ»፣ «አክስቴ» ወይም «ጋሼ» የሚሉ መጠሪያዎች ክብርንም ቅርበትንም ያስገኛሉ። የሟች አባቱን ስም በመልካም ማንሳትና አብሮ ዱዓ ማድረግ ደግሞ ልጁ ማንነቱ እንደተከበረለት እንዲሰማው ያደርጋል።

የአገሪቱ ሕግም ሊታወቅ ይገባል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ልጆችን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክላለች። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ20ኛው አንቀጹ ከፋላን ቤተሰቡን ላጣ ሕፃን ከሚደረጉ የእንክብካቤ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ይጠቅሰዋል። እንግዲህ ጉዟችን ልጁን ይዞ ለመመለስ ሳይሆን ባለበት ሆኖ እንዲያድግ ለማጠናከር ነው።

2. በእናቱ በኩል መግባት

በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ስለዚህ ብዙ የቲሞች እናት፣ አያት ወይም አጎት አሏቸው። ወደ ልጁ ልብ የሚወስደው መንገድ በእነርሱ በኩል ያልፋል። የመምጫውን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ሲደርሱ መጀመሪያ ለአሳዳጊዋ ሰላምታ ማቅረብ፣ የቀረበውን ቡና ሳይቸኩሉ መጠጣት፣ ስለ ልጁ ትምህርትና ጤና እርሷን መጠየቅ ተገቢ ነው። እናቱ በእንግዶች ፊት ያነሰች መስሎ ከታየው፣ ያመጣንለት ስጦታ የወሰድንበትን አይተካለትም።

3. በቆይታው ወቅት

ልጁ አይቶት የማያውቀውን ሰው ወዲያው እንዲያቅፍ ማስገደድ አያስፈልግም። አፋን ኦሮሞ፣ ስልጥኛ ወይም አፋርኛ የሚናገር ከሆነ ጥቂት የሰላምታ ቃላት መማር ርቀቱን ያጠብባል። አንድ ቀን ብቻ ደርሶ ከመመለስ ለአጭር ሰዓትም ቢሆን ደጋግሞ መሄድ ይሻላል። አብሮ መስገድ፣ የቀራውን ሲያነብ ማዳመጥ፣ ደብተሩን ማየት፣ ከብቶቹን ሲጠብቅ አብሮ መራመድ ከብዙ ንግግር ይበልጥ ያቀራርባል።

ስጦታ ሲታሰብ ወንድሞቹና እህቶቹ አይረሱ። አንዱን ለይቶ ማልበስ በአንድ ጣሪያ ሥር ቅናትን ይዘራል። ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ፎቶ ማንሳት፣ ችግሩንም በሰው ፊት መዘርዘር ክብሩን ይነካል። ሱረቱል በቀራ 264ኛው አንቀጽ ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ያስጠነቅቀናል።

4. ቃልና መለያየት

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው በስሜት የሚነገር ቃል ነው። «ዐረብ አገር እወስድሃለሁ»፣ «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» ተብሎ ሳይፈጸም ሲቀር፣ አባቱን በሞት ያጣው ልጅ ሌላ ሰው በሕይወት እያለ ያጣል። ስለዚህ የምንችለውን ብቻ እንናገር፤ የምንሄድበትንም ቀን ከመጀመሪያው እናሳውቀው። ከተመለስን በኋላ በተወሰነ ቀን መደወል፣ ረመዳንና ዒድ ሲደርስ መጠየቅ የጉዞው ግማሽ ነው።

5. የመሕረም ጉዳይ

ከፋላ ብቻውን መሕረም አያደርግም። በሸሪዓ መስፈርት በሁለት ዓመት ዕድሜው ውስጥ በጥቢ የተዛመደ ካልሆነ በስተቀር፣ ልጁ ወይም ልጅቷ ለአካለ መጠን ሲደርሱ የአለባበስና ለብቻ የመሆን ድንጋጌዎች ይጠበቃሉ። ዝርዝሩን ዑለማዎችን መጠየቅ ይገባል።

ውድ አንባብያን! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ነበሩ፤ አባታቸው ሳይወለዱ፣ እናታቸው በስድስት ዓመታቸው አልፈዋል። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስም እርሳቸውና የየቲም ካፊል በጀነት እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረቡ አመልክተዋል። ይህን ጉርብትና የሚሻ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ቃሉንና አደቡንም ይጠብቅ።

አላህ ኒያችንን ያጥራልን፤ የቲሞቻችንንም በጥበቃው ሥር ያድርግልን። አሚን።